ይይዛል

የንስሐ አባቴ «ሌላስ?» ይሉኛል። ጾም መሻሬን፣ እናቴን መቆጣቴን፣ ሰው ማማቴን ነግሬያቸው ስጨርስ ሁልጊዜ ይህቺን አንዲት ቃል ይጠይቁኛል። እኔም ሁልጊዜ «ሌላ የለም» እላለሁ። መስቀላቸውን ያሳልሙኛል። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወጥቼ ወደ ጌጃ ሰፈር ስመለስ ግን ያ የለም ያልኩት ነገር ከኋላዬ ይከተለኛል። ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ለእሳቸው አልነገርኩም። ለእናቴ አልነገርኩም። አሁን ለእናንተ የምነግረው ስለማታውቁኝ ነው፤ ስጽፍ ፊታችሁን ስለማላይ ነው። ሰው እያየኝ መናገር አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነኝ።

ሙሉነሽ እባላለሁ። ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አጻጻፌ እንደ ተማሩት ባይሆን በእሱ አትፍረዱብኝ፤ የምትፈርዱበት ሌላ አለ።

ሥራዬ የከባድ መኪና የፍሬን ሸራ መምታት ነው። የከባድ መኪና ጎማ ከጀርባው ታምቡር የምንለው ትልቅ የብረት ከበሮ አለው። በከበሮው ውስጥ ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ሁለት ብረቶች ይቀመጣሉ፤ ሸራ የሚለበጠው በእነሱ ላይ ነው። ሹፌሩ ፍሬን ሲረግጥ ሸራው ታምቡሩን ከውስጥ ይገፋና ይይዘዋል። ሲለቅ በሁለቱ መካከል ያለው ሞላ ሸራውን መልሶ ይስበዋል። ሸራው ሲያልቅ ብረቱ ወደ እኛ ይመጣል፤ አሮጌውን ነቅለን አዲሱን በለስላሳ ምስማር እንመታበታለን። ሰው ከባድ መኪና የሚያቆመው ሞተሩ ወይም ሹፌሩ ይመስለዋል። የሚያቆመው ያ ሸራ ነው። እኔ ይህንን እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

የግቢው ባለቤት ጋሽ ፍቃዱ የሰፈራችን ሰው ናቸው። እናቴ ወገቧን ታማ ስትተኛ ትምህርቴን ትቼ ግቢያቸውን ለመጥረግ ገባሁ። መጥረጊያዬን ይዤ ሥራቸውን እያየሁ ብዙ ቆየሁ። አንድ ቀን ሳላስበው መዶሻ ሰጡኝና «ነይ እስቲ፣ ምቺ» አሉኝ። መታሁ። «ከመሐል ጀምሪ። ከዳር የጀመረ ሰው መሐሉ ያብጥበታል» አሉኝ። ከደብተር ገጽ ቀድደው በሸራውና በብረቱ መካከል ሊያስገቡ ሞከሩ። ወረቀቱ ከገባ ሸራው አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ተነቅሎ ይደገማል። አልገባም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሸራ መታሁ፤ አንድም ቀን ወረቀት አልገባብኝም። ይህንን የምለው ለመኩራት አይደለም። ወይም ለመኩራት ነው። ከልቤ ተናዘዝኩ ካልኩ ኩራቴንም መደበቅ የለብኝም።

ጋሽ ፍቃዱ ከሥራ መዶሻዎቻችን የተለየች፣ እጀታዋ ወይራ የሆነች ትንሽ መዶሻ ነበረቻቸው። ታምቡር የሚፈትሹት በእሷ ነው። ታምቡሩን ከፍ አድርገው ጫፉን ቀስ ብለው መታ ያደርጉታል። ደህና ከሆነ እንደ ደወል ይጮኻል፤ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። ስንጥቅ ካለበት ግን እንደ ነቃ ሸክላ ጠፍ ብሎ ይቀራል። ዓይን የማያየውን ስንጥቅ ጆሮ ያገኘዋል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ሸራዬን እየመታሁ እያንዳንዱን ድምፅ እሰማ ነበር። በልቤ «ይሄ ደህና ነው»፣ «ይሄ ተሰንጥቋል» እላለሁ። ትንሽ ቆይተው እሳቸውም ያንኑ ይናገራሉ። ስድስት ዓመት በልቤ ልክ ሆንኩ። አንድ ቀን እንኳ ድምፄን አውጥቼ አልተናገርኩም። ታዲያ ማን ያውቅልኛል? አለመናገሬ የማን ጥፋት ነው?

ከዚያ ራሔል መጣች።

ራሔል የወሊሶ ልጅ ናት። ከቴክኒክና ሙያ በአውቶ መካኒክ ተመርቃ ሥራ ስትፈልግ ጋሽ ፍቃዱ ተቀበሏት። ዕድሜዋ ከእኔ እኩል ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሹፌሮቹ ሁሉ ስሟን አወቁ። እኔን በስድስት ዓመት «አንቺ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። እሷ ትስቃለች፣ ትቀልዳለች፣ ትከራከራለች። አንድ ትልቅ ሹፌር «ሴት የነካችው ፍሬን ያቆማል እንዴ?» ብሎ ሲያሾፍባት «ሚስትህ ስትቆጣህ አትቆምም?» አለችው። ግቢው በሳቅ ሞላ። ጋሽ ፍቃዱ እንኳ ዕንባቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ያለ መልስ በእኔም ልብ ይመጣል እኮ፤ ማታ እቤቴ ስደርስ ነው የሚመጣው።

የቀናሁት በዚህ ብቻ አይደለም። ቱታዋ ልኳ ነው፤ የእኔ የጋሽ ፍቃዱ አሮጌ ነው፣ እጅጌው ተጠቅልሎ። ምሳዬን ስትቀምስ የእናቴን ሽሮ አመሰገነች፤ እቤታችን መጥታም ለእናቴ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ እናቴ ማታ ስገባ «ደከመሽ?» ከማለቷ በፊት «ራሔል ደህና ናት?» ትለኝ ጀመር። ራሔል ግን ክፉ አድርጋብኝ አታውቅም። ሙሌ ብላ የጠራችኝ እሷ ናት፤ ከእሷ በፊት ስሜን አቆላምጦ የጠራኝ ሰው አልነበረም። «ሙሌ፣ አንቺ ልጅ ቃል ታቦኪያለሽ እንዴ? ምነው ቶሎ አይወጣልሽ» ትለኛለች፣ ትከሻዬን በትከሻዋ እየገፋች። ክፉ ብትሆን ምናለበት እል ነበር። ክፉ ብትሆን ቅናቴ ቅናት መሆኑ ይቀርልኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጋሽ ፍቃዱ ሹፌሮች ባሉበት ያቺን ትንሽ መዶሻ ለራሔል ሰጧት። «ከእንግዲህ የእኔ ጆሮ እየደከመ ነው። ታምቡር አንቺ ነሽ የምትሰሚው» አሏት። ከሹፌሮቹ አንዱ እኔን በአገጩ አሳየና «ይቺኛዋስ፣ የቆየችው?» አላቸው። ጋሽ ፍቃዱ አላሰቡበትም። ሲጠየቁ ቶሎ ነው የመለሱት። «እሷ እጅ ናት» አሉ። «እጇ ወርቅ ነው። ራሔል ግን ጆሮ ናት።»

እጅ ናት። ስድስት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼ ሳዳምጥ ጆሮ እንዳለኝ አላዩም። ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ራሔል አጠገቤ ተቀምጣ መዶሻዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ሙሌ፣ ነይ አብረን እንስማ። አንቺ መቺ፣ እኔ ልገምት፤ ከዚያ እንቀያየራለን» አለችኝ። «አልፈልግም» አልኳት። መዶሻዋ ገና ትሞቅ ነበር፤ ከእጇ ስለወጣች። መልሼ ሰጠኋት። አስቡት፤ የቀናሁበትን ነገር በእጄ አስቀምጣልኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ግን መዶሻዋን አልነበረም። የፈለግሁት እሷ እንዳይኖራት ነበር።

የሆነው በዚያው ሳምንት ነው።

ሰፈራችን ጠባብ ስለሆነ ከባድ መኪና ግቢያችን አይደርስም። መኪናው ወደ ሰንጋ ተራ በሚወስደው በኩል ባለ ክፍት ሜዳ ላይ ይቆማል፤ የተፈታው ዕቃ በጋሪ ወደ ግቢው ይመጣል። በሜዳውና በግቢው መካከል በሁለት በኩል ቆርቆሮ ያለበት ቀጭን መንገድ አለ። ከሹፌር ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ ሹፌር መልእክት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ብዙ ስለማላወራ መልእክት አላበላሽም ይሉ ነበር። የነገሩኝን ቃል ብቻ ነው የማደርሰው።

ያን ቀን የጋሽ ተማም መኪና ነበር። ጋሽ ተማም የድሬዳዋ ሰው ናቸው፤ ከነተሳቢው ሰሊጥ ጭነው ወደ ጅቡቲ ሊወርዱ ነበር። የተሳቢውን ሸራ ሁሉ ቀይረንላቸዋል። የመታሁት እኔ ነኝ፤ የገጠመችው ራሔል ናት። ራሔል በክሪክ አንስታ እያንዳንዱን ጎማ በእጇ አዙራዋለች፤ ሁሉም ቀለል ብሎ ዞሯል። ነገር ግን አንዳንድ ጥፋት ብረቱ ቀዝቅዞ ሳለ አይታይም። ስለዚህ ሹፌሩ መኪናውን ለሙከራ ነድቶ ይመለሳል፤ የተሰማውን ይናገራል። ያ የሹፌሩ ቃል የመጨረሻው ፈተና ነው። ከዚያ ሥራውን ያየ ሰው የስሙን መጀመሪያ ፊደል በጠመኔ ጎማው ላይ ይጽፋል። ፊደል የተጻፈበት ጎማ አልቋል፣ ታይቷል፣ መሄድ ይችላል ማለት ነው።

ጋሽ ተማም ነድተው ሲመለሱ ሜዳው ላይ የምጠብቃቸው እኔ ነበርኩ። ከጋቢናው ወርደው ወደ ተሳቢው ኋላ ወሰዱኝ። «የኋላ ግራው ይይዛል» አሉኝ። ይህን ሲሉ መዳፋቸውን ወደ ታምቡሩ አስጠጉና እንደ ተቃጠለ ሰው ቶሎ ሰበሰቡት። ጣቶቻቸውን እፍ፣ እፍ አሉ። «ንገሪያቸው ልጄ። እኔ የጭነት ወረቀቱን አስፈርሜ እመጣለሁ።» እኔም መዳፌን አስጠጋሁ። ሳልነካው ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። ከዚያ ዱአ እያደረጉልኝ ሄዱ።

እዚህ ላይ ቃሉን ልብ በሉልኝ። በእኛ ሥራ ይይዛል ሁለት ነገር ነው። ፍሬኑ ይይዛል ሲባል ጥሩ ነው፣ ሲረገጥ ያቆማል ማለት ነው። ደግሞም ይይዛል ሲባል አይለቅም፣ እግር ከተነሳም በኋላ ሸራው ታምቡሩን እየፈተገ ይሄዳል ማለት ነው። ያ ደግሞ ይግላል፤ ከጋለ ጎማ ያቃጥላል። ሞላው ከደከመ እንዲህ ይሆናል። ሁለቱን የሚለየው የተናጋሪው ፊት ነው፣ እጁ ነው። ጋሽ ተማም ቃሉን ከእጃቸው ጋር ነው የሰጡኝ።

በቀጭኑ መንገድ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፤ ስገባ ምንም አላሰብኩም ነበር። መሐል ላይ ስደርስ የራሔል ሳቅ ከግቢው በቆርቆሮው በኩል ተሰማኝ። ከጋሽ ፍቃዱ ጋር ነው የምትስቀው። ቀጥሎ መዶሻዋ ታምቡር ስትመታ ሰማሁ፤ ድምፁ ንጹሕ ነበር፣ ደህና ታምቡር። ቆምኩ። «ጆሮ ናት» አልኩ በልቤ። «ጆሮ ከሆነች እስቲ ትስማ።» ይህንን ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም በጆሮዬ አልነገረኝም፣ ሰይጣን ነገረኝም አልልም። እኔ ነኝ፣ በራሴ ልብ፣ በራሴ ድምፅ።

ግቢው ደረስኩ። ራሔል እጇን በጨርቅ እየጠረገች «እህስ ሙሌ፣ ጋሽ ተማም ምን አሉ?» አለችኝ።

«የኋላ ግራው ይይዛል አሉ» አልኳት።

እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ነበር። ይህንንም አስታውሳለሁ። ሌላ ጊዜ እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ አልናገርም።

«ይይዛል?» አለች ፊቷ በርቶ። የኋላ ግራው ሲገጠም አስቸግሯት ስለነበር ስለ እሱ ነበር የምትጨነቀው። «ተመስገን። እሱ ነበር የፈራሁት።» ጠመኔዋን አንስታ ወደ ሜዳው ሄደች። ተከተልኳት። ለምን ተከተልኳት? ልነግራት ነበር ብል ማን ያምነኛል? እኔስ አምናለሁ? የኋላ ግራው ጎማ ላይ «ራ» ብላ ጻፈች፤ በደንብ አድርጋ፣ ትልቅ አድርጋ። ብረቱ እስከዚያ ሰዓት ቀዝቀዝ ብሎ ይሆናል፤ ወይም እጇን ያላስጠጋችው ስላመነችኝ ይሆናል። እየዘለለች ተመለሰች።

ጋሽ ተማም ወረቀታቸውን ይዘው ሲመጡ ሜዳው ላይ እንደቆምኩ ነበር። ወደ ኋላ ሄደው «ራ»ን አዩ። «አይተውታል፣ ጎበዞች» አሉ። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ዕድሜ ልኬን የተለማመድኩት ነው። «ተባረኪ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። ተሳቢው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር ድረስ ያንን ነጭ ፊደል አየሁት፤ ከጎማው ጋር እየተገለበጠ ይዞር ነበር።

ምን ያህል ክፉ ነገር ይመጣል ብለሽ አሰብሽ ብትሉኝ፣ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሞቀብኝ ብለው ይመለሳሉ፣ ራሔል ትወቀሳለች ብዬ ነው ያሰብኩት። ትንሽ ወቀሳ፤ ከመዶሻዋ ላይ ትንሽ ክብር እንድትቀንስ። ግን ፍሬን በልክ አይደለም የሚያጠፋው። ያንን ደግሞ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ሞጆን አልፈው ብዙ ሳይርቁ የኋላ ግራው ጎማ ተቃጠለ። ጋሽ ተማም ዳር ይዘው አቆሙ። እሳቱ ወደ መኪናው እንዳይዛመት ተሳቢውን ለብቻው ሊለዩት ሮጡ፤ የሚያያይዘውን የጋለ ብረት በቀኝ እጃቸው መዘዙት። መኪናው ዳነ። ተሳቢው ከነሰሊጡ ነደደ። ቀኝ እጃቸውም ተቃጠለ። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ሁለቱ ጣቶቻቸው እንደ ድሮው አልታጠፍ አሉ። መሪ በዚያ እጅ አይጨበጥም።

እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ግቢያችን የመጡበት ቀን አለ። እዚያ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። «እኔ ብያለሁ ፍቃዱ። ይይዛል ብዬ ልኬአለሁ» አሉ።

ራሔል ፊቷ አመድ መስሎ «አዎ፣ ብለዋል» አለች። «ሙሌ ነግራኛለች። ቃሉ ደርሶኛል። እኔ ነኝ ጥሩ ነው ያሉ የመሰለኝ።»

ጋሽ ፍቃዱ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

«ይይዛል አሉ ብዬ።»

ጋሽ ተማም ቀና አሉ። «እኔማ ለልጅቷ እንዲያውም እጄን...» ብለው ጀመሩና እጃቸውን ሊያነሱ ሲሉ ፋሻውን አዩት። ሁላችንም ያንን እጅ አየነው። ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ቀረ።

«ሌላስ?» አሉኝ ጋሽ ፍቃዱ።

«ሌላ የለም» አልኩ።

ማንም አልተጠራጠረኝም። ማን ይጠራጠራል? እኔ የነገሩኝን ቃል ብቻ የማደርስ ልጅ ነኝ። ጋሽ ፍቃዱ ራሔልን ብዙ አልተናገሯትም፤ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። «ይይዛል ሲባል እንዴት አድርጎ ነው የሚይዘው ብሎ የማይጠይቅ ጆሮ ምን ያደርጋል?» አሏት። በማግስቱ ጠዋት ስንገባ ትንሿ መዶሻ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ራሔል አልነበረችም። ከዚያ ወዲህ ወደ ግቢያችን አልመጣችም።

ደስ አለኝ? ይህንን ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግቢው ጸጥ ሲል አዎ፣ እንደ ዕረፍት ያለ ነገር ተሰምቶኛል። እናቴ «ራሔል ደህና ናት?» ስትለኝ «ሄዳለች» አልኳት፤ ያንን ስናገር ምላሴ ላይ የጣፈጠኝ ነገር ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ ልል ነበር። አልልም፤ ገና ነኝ።

ጋሽ ፍቃዱ ከዚያ በኋላ በግቢያችን በር ላይ በቀለም አጻፉ፤ «እዚህ ግቢ ይይዛል አይባልም። ያቆማል ወይም ይጎትታል ይባላል።» አዲስ ሹፌር ሲመጣ ታሪኩን ይነግሩታል። «በአንድ ቃል ሰው ተቃጠለ» ይላሉ። ከዚያ በእጃቸው እኔን ያሳያሉ፤ «ይቺ ምስክር ናት፣ መልእክቱን ያደረሰች እሷ ናት።» እኔ አንገቴን ደፍቼ ሸራዬን እመታለሁ። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነው። አሁን የሰፈሩ ሌሎች ጋራዦችም ይጎትታል ነው የሚሉት። በዚህ የተነሳ ከመቃጠል የዳነ መኪና ይኖር ይሆናል። አንዳንድ ቀን ይህንን ለራሴ እንደ መድኃኒት ልሰጠው ሞክሬያለሁ። አልሠራም። ቃሉ ምንም አላጠፋም ነበር። ጋሽ ተማም የላኩት መልእክት ሙሉ ነበር። ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ቃሉን አደረስኩ፣ እጁን ሰረቅሁ።

መዶሻዋ ደግሞ አሁን የእኔ ናት። ጋሽ ፍቃዱ ከወራት በኋላ «በይ እስቲ፣ አንቺ ሞክሪ» ብለው ሰጡኝ። ታምቡር መታሁ፤ ጥርት ብሎ ሰማሁት። «ተሰንጥቋል» አልኩ። አገላብጠው አዩት፤ ለዓይን የሚያስቸግር ቀጭን ስንጥቅ አገኙ። «ይሄን ጆሮ የት ደብቀሽው ነበር?» አሉኝ። የጠበቅሁት ቃል ነበር፤ ስድስት ዓመት የጠበቅሁት። ሲመጣ ግን እንደ ነቃ ሸክላ ጠፍ ብሎ ቀረ።

ይህ ሁሉ ክፉ ነው። ከዚህ የከፋው ግን ባለፈው ወር ያደረግሁት ነው። እሱ ባይሆን ኖሮ ይህንን የምጽፍም አይመስለኝም።

ጋሽ ፍቃዱ ምስማር እንድገዛ ወደ ተክለ ሃይማኖት ላኩኝ። የምንገዛበት ሱቅ ተዘግቶ ነበር፤ አጠገቡ ወዳለው መለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ከባንኮኒው በስተጀርባ ራሔል ቆማለች። ተቀጥራ ነው የምትሠራው። ከስታለች። ስታየኝ «ሙሌ» ብላ ዞራ ወጣችና አቀፈችኝ። ወንበሯን ለቅቃልኝ እሷ በካርቶን ላይ ተቀመጠች። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ስለ ጋሽ ተማም ጠየቀችኝ። አሁን መኪና ማቆሚያ እንደሚጠብቁ ነገርኳት። ራሷን ነቀነቀች።

«ሞላ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ አስረዳለሁ» አለችኝ። «ሞላ አትናቁ እላቸዋለሁ። ይስቁብኛል፤ ፓስተሯ ይሉኛል።» ፈገግ አለች፤ የድሮዋ ፈገግታ ግን አይደለችም። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ሙሌ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ያን ቀን በሰው ፊት ስምሽን ማንሳቴ አይረሳኝም። ሙሌ ነግራኛለች ስል ጥፋቱን ወደ አንቺ የገፋሁ መስሎ ከታየሽ ይቅር በይኝ። አንቺ የተላክሽውን አድርሰሻል። ያልጠየቅሁሽ እኔ ነኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፣ ይሄ ይከነክነኛል።»

ይቅርታ ጠየቀችኝ። እሷ፣ እኔን።

ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። ሱቁ ባዶ ነበር፤ የሚያየን ሰው አልነበረም። ዓይን አፋርነቴ እንኳ ሰበብ አይሆነኝም። እኔ ግን ምን አልኩ? «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኳት። ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። የበደልኳትን ሰው እኔ ይቅር አልኳት። ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ «እፎይ» አለች። ምስማሩን መዝና ሰጠችኝ፤ ከዚያ ከሣጥኑ አንድ እፍኝ ዘግና «ይሄ ምርቃት ነው፣ ለሙሌ» ብላ ጨመረችልኝ። ሌላውን ምስማር ሁሉ መታሁት። ያቺን እፍኝ ግን ሸራ ላይ መምታት አልቻልኩም። በቱታዬ ኪስ ውስጥ ናት፤ ስቀመጥ ትወጋኛለች።

ምክንያት ላቅርብ? ድሃ ነበርኩ፣ ትምህርት አልነበረኝም፣ ስድስት ዓመት ያየኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም እውነት ነው። ግን ራሔልም ድሃ ናት፤ ጋሽ ተማምም የማንንም ጆሮ አልወሰዱብኝም። የቀናሁት እኔ ነኝ። በቀጭኑ መንገድ መሐል የቆምኩት እኔ ነኝ። እጄን ከኋላዬ የደበቅሁት እኔ ነኝ። ሌላ የለም ያልኩት እኔ ነኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሥራ ግማሽ ቀን ነው። መዶሻዋን በዚያው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልያታለሁ። መጀመሪያ ወደ ተክለ ሃይማኖት እሄዳለሁ። ከራሔል ወደ ጋሽ ፍቃዱ፣ ከዚያ ጋሽ ተማም ወደሚጠብቁት መኪና ማቆሚያ። የሚሉኝን እቀበላለሁ። በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይቆይ፤ ታሪኩ ግን እንደ ሆነው ይነገር።

ራሔልን ይቅርታ ከመጠየቄ በፊት ግን አንድ ነገር እንድትመልስልኝ እለምናታለሁ። ያን «ይቅር ብዬሻለሁ» ያልኳትን ትመልስልኝ። የእኔ አልነበረም፤ ለእሷም አያስፈልጋትም ነበር።

አፌ እንደ ለመደው እንቢ ይለኝ ይሆናል። ካለኝም እጅ አለኝ። ባንኮኒው ፊት ቆሜ «ጋሽ ተማም ያን ቀን ያሉኝ» እላለሁ፤ ይህቺን ያህል አያቅተኝም። ከዚያ መዳፌን አስጠግቼ እንደ ተቃጠለ ሰው እሰበስባለሁ። ጣቶቼን እፍ፣ እፍ እላለሁ።

ይገባታል።